ሽማግሌ ሆነው የመጡት

ኑሪያ ልጇን አዝላ፣ ወደ ትምህርቷ እንዲመልሷት ልትጠይቅ፣ መርሳ ከተማ ካለው ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ፊት ቆመች። ዛሬ እምቢ ካሏት ዘጠነኛ ክፍል በቃ፣ ቀረ።

ሰብሳቢው አባ ይማም ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ «አስተግፊሩላህ! ወንድ ስታሳድድ የወለደች ልጅ ሌሎቹን ታበላሽብናለች» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሕፃኑ ደግሞ ሰዓት መርጦ ጮኸ፤ አይ የእሱ ነገር! ኑሪያ እሹሩሩ እያለች፣

«አባ ይማም፣ ግራና ቤታችን ድረስ ሽማግሌ ሆነው መጥተው፣ ለዚያ ጥሎኝ ለሄደው ሹፌር የጠየቁኝ አንቱ አይደሉ? እኔማ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው መዳሬን የሰማሁት» አለች።

አባ ይማም ጺማቸውን ለቀው መሬት መሬቱን አዩ።

«ሰኞ... ግቢ» አሉ።

ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ፈርታ፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ውልቅ አለች።