የስክሪኑ ፕላስተሮች

ጸሐፊው በኮምፒውተሩ ስክሪን ጠርዝ ላይ የለጠፋቸው ፕላስተሮች ዘጠኝ ነበሩ። ቁስል ላይ የሚለጠፈውን ነጭ ፕላስተር በመቀስ እንደ ጥፍር አሳንሶ እየቆረጠ፣ በእያንዳንዱ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ አንድ አንድ ቃል ጽፎበታል። «ተመለስ»፣ «አድስ»፣ «ዝጋ»፣ «የወረደ»። ከፕላስተሩ ትይዩ፣ ስክሪኑ ውስጥ፣ የሚጫነው ምልክት አለ። እጁ ማውዙን ይዞ ወደ ፕላስተሩ ይሄዳል፣ ይጫናል፣ የፈለገው ይሆናል። ምልክቱን ራሱን ልብ ብሎ ካየው ስንት ጊዜው።

ሰው ይስቅበት ነበር። እሱ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በታይፕ መኪና ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የታይፕ መኪና ፊደል ደግሞ ሌሊቱን ቦታ ቀይሮ አያድርም። ጣት መንገዱን አንዴ ከለመደ ዓይን ያርፋል። ኮምፒውተሩን ሲገዛ የሚያስተምረው ሰው ስላልነበረ በሚያውቀው መንገድ ተማረው፤ በቦታ።

የዚያን ቀን ጠዋት ታላቅ እህቱን እጇን ይዞ ወደ መሥሪያ ክፍሉ አመጣትና ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ አስቀመጣት። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። የግራው አሁን የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። የዓይኗ ግፊት ነርቩን እየበላው ነበር። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ስፔሻሊስት ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው በስድስት ወር አንዴ፣ ለአራት ቀን ነው። «ለሚቀጥለው ካስተላለፍነው የምናድነው ዓይን አይኖርም» ብሏታል ሐኪሟ፣ ሳይሸፋፍን። ስፔሻሊስቱ የሚያየው ዐሥራ ሁለት ሰው ብቻ። ምዝገባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በክሊኒኩ ድረ ገጽ ይከፈታል፤ በወረቀት መመዝገብ ከቀረ ቆይቷል።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ እታለም» ብሏት ነበር። «የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስመዘግብ እየዋልኩ አንቺን ያቅተኛል?»

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ብሮውዘሩን ከፈተ። የተከፈተው የእሱ አልነበረም።

ከላይ ተደርድረው የሚያውቃቸው ታቦች፣ የተከፈቱት ገጾች ስም የሚታይባቸው፣ ግራ ጎን ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ወርደዋል። ምልክቶቹ እንደ ጉንዳን አንሰው ወደ መሃል ተሰብስበዋል። ያወረደው ሰነድ ይታይበት የነበረው የታችኛው መስመር ጭራሽ የለም። ፕላስተሮቹ ግን ዘጠኙም በየቦታቸው ናቸው፤ ባዶውን እያሳዩ።

ያኔ ነው ትዝ ያለው። ወር ሙሉ፣ ሥራ ጨርሶ ሊዘጋ ሲል፣ «አዲሱ እትም ደርሷል» የሚል ሳጥን ብቅ ይልና «አሁን» ወይስ «በኋላ» ብሎ ይጠይቀው ነበር። «በኋላ» በቀኝ በኩል ነው፤ ፕላስተርም አለው። ትናንትም ሳጥኑ ሲመጣ በቀኝ ያለውን ተጫነ። አላነበበም። ቦታ ተለዋውጠው ኖሯል። አንድ ክብ ነገር ሲሽከረከር አይቶ፣ ከዚያ በላይ ሳያስብ፣ ኮቱን ደርቦ ወጣ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች እህቱ።

«ምንም። እየተሟሟቀ ነው።»

«አንተ ስትዋሽ ወንበርህ ሲጢጥ ይላል።»

ወንበሩ በእርግጥ ሲጢጥ ብሎ ነበር።

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ገጹ ተከፈተ። ከላይ በቀይ «የቀሩ ቦታዎች፦ 12» ይላል። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ። መጻፉ ላይ ማን ይደርስበታል፤ ጣቱ በረረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ የካርድ ቁጥሯን ሞልቶ ሳይጨርስ፣ ስልኳን ሲጽፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ያዟዟረ መሰለው። ልመለስ ብሎ አሰበ። ማሰቡን እንጂ እጁን አላየውም። እጁ በራሱ ወደ ግራ ጥግ፣ ወደ «ተመለስ» ፕላስተር ሄዶ ተጫነ።

ገጹ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ድሮ የመመለሻው ቀስት በነበረበት ቦታ ላይ አሁን የተቀመጠችው የመጀመሪያው ታብ መዝጊያ ነበረች፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል መስቀለኛ ምልክት። የጻፈው ሁሉ አብሮ ሄደ።

«ጠፋ?» አለች እህቱ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ትንፋሽህን ዋጥከው።»

ገጹን እንደገና ከፈተው። «የቀሩ ቦታዎች፦ 9»። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ። በሩ ላይ ጥላ አረፈበት፤ የጎረቤቱ ክፍል ፎቶ ኮፒ አንሺ ናት። አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛ ገባች።

«ጋሼ ፕላስተር፣ የትናንቱን ኮፒ አመጣሁልህ። ምነው ፊትህ እንደዚህ? እሱንም በፕላስተር እንጠግነው እንዴ?»

«ዛሬ ተዪኝ።»

«ውይ፣ እትዬም አሉ ለካ። ይቅርታ፣ አላየሁዎትም።»

«እኔም አላየሁሽ» አለች እህቱ። «እኩል ነን፣ ቁጭ በይ።»

ፎቶ ኮፒ አንሺዋ ሳቋን አፍና፣ የእህቱ ዓይን ነገር ሲገባት ደግሞ ሳቁን ተወችው። አልተቀመጠችም። ከጸሐፊው ኋላ ቆማ ቀዩን ቁጥር ማየት ጀመረች።

«ስምንት ሆነ» አለች።

ሦስተኛው ገጽ የሪፈር ወረቀቱን አያይዝ አለው። ወረቀቱን ክሊኒኩ በኢሜይል ልኮለታል፤ አውርዶ ማያያዝ ብቻ ነው የቀረው። ኢሜይሉን ከፍቶ አውርድ የሚለውን ተጫነና ዓይኑን ወደ ታች፣ «የወረደ» ወደሚለው ፕላስተር ጣለ። ምንም የለም። እንደገና ተጫነ። ምንም።

«ስድስት።»

«አትቁጠሪብኝ!»

«እሺ። ግን ስድስት ነው።»

ሦስተኛ ጊዜ ተጫነ፣ አራተኛ ጊዜ። አምስተኛውን ሲጫን ማውዙን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳው፣ ጥፋቱ የማውዙ ይመስል።

«ተበላሽቶ እንዳይሆን» አለች ፎቶ ኮፒ አንሺዋ። «ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ልደውልልህ?»

«እሱ እስኪመጣ ያልቃል።» እጁን ከማውዙ ላይ አነሳና ወደ እህቱ ዞረ። ፊቷን ማየት አቃተው፤ ጫማዋን እያየ ተናገረ። «እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ትናንት አድሰው አልኩት፣ ሳላነብ። ሁሉም ነገር ቦታው ተቀይሯል። ወረቀትሽ አልወርድ ብሎኛል።»

እህቱ አልተቆጣችም። ልትቆጣው ይገባት ነበር፤ ቢሆንለት ብትቆጣው ይመርጥ ነበር።

«ፊት ለፊትህ ምን ይታይሃል?»

«ከታች ያለው ፕላስተር ባዶውን ነው—»

«ስለ ፕላስተሩ ማን ጠየቀህ? ስክሪኑ ላይ ምን አለ ነው የምልህ።»

እህቱ ከመታመሟ በፊት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልክ ቤት አገናኝ ነበረች። ደዋዩ ማንን እንደሚፈልግ ይነግራታል፣ እሷ ገመዱን ሰሌዳው ላይ ካለው የደንበኛው ቀዳዳ ትሰካለች። ሦስት መቶ ደንበኛ በቃሏ ታውቅ ነበር።

«ሰሌዳውን የቀየሩብን ዕለት» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እጄ የድሮውን ቀዳዳ ነበር የሚፈልገው። ሚስቱ ምጥ የያዛት ሰውዬ አዋላጅ ብሎ ሲለምነኝ ከእንጨት መሰንጠቂያ ጋር አገናኘሁት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሁን አንተም አንብብልኝ።»

«ጊዜ የለንም እኮ።»

«አምስቴ ለመጫን ጊዜ ነበረህ።»

«አምስት» አለች ፎቶ ኮፒ አንሺዋ፣ ቀስ ብላ። እሷ ያለችው የቀሩትን ቦታዎች ነው።

ጸሐፊው በጥፍሩ የመጀመሪያውን ፕላስተር ፈነቀለ። ከዓመት በላይ ተጣብቆ የኖረ ስለሆነ ሙጫው ግራጫ ቆሻሻ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ዘጠኙን አንስቶ ሲጨርስ የስክሪኑ ጠርዝ እንደ ተላጨ ራስ ተራቆተ። ቀስቱን በግራ በኩል ካለው የመጀመሪያ ምልክት ላይ ወስዶ፣ ሳይጫን አቆመው። ከምልክቱ ሥር ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለች። እንደዚህ ብቅ እንደምትል በዚህ ሁሉ ጊዜ አያውቅም ነበር፤ ቆሞ አይቶ አያውቅማ።

«ወደ ኋላ» ብሎ አነበበ።

«አንድ» አለች እህቱ፣ አውራ ጣቷን አጥፋ።

«ወደ ፊት።»

«ሁለት።»

«ዳግም ጫን... መነሻ... የወደድኳቸው...»

ጣቶቿን እያጠፈች ትከተለዋለች። ቁጥሩ አራት ሆኗል፤ ፎቶ ኮፒ አንሺዋ በጣቷ ብቻ አሳየችው እንጂ አልተናገረችም። ቀስቱ ወደ ቀኝ ተጓዘ። ከመጨረሻው ምልክት በፊት፣ ወደ ታች የሚያመለክት፣ ፀጉር የሚያክል ነገር አለ።

«የወረዱ ሰነዶች።»

«ስድስተኛው ነው። እሱን ንካው።»

ነካው። ትንሽ ሳጥን ተዘረጋ። የእህቱ የሪፈር ወረቀት እዚያ ተቀምጧል፤ አምስት ጊዜ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ወርዶ ኖሯል። የታችኛውን መስመር አንስተው ሰነዶቹን ወደ ላይ ማዛወራቸውን የነገረው አልነበረም እንጂ።

«አምስት ኮፒ» አለች ፎቶ ኮፒ አንሺዋ። «ሥራዬን ልትቀማኝ ነው።»

የሳቀ አልነበረም። ወደ ምዝገባው ተመለሰ፤ «ግራ ጎን፣ ከላይ ሁለተኛው ታብ» እያለ፣ እያነበበ። አያይዝ። ተያይዟል። «የቀሩ ቦታዎች፦ 1»። ላክ የሚለውን ከመጫኑ በፊት ቃሉን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁለቱ ፊደሎች አፉ ውስጥ ከበዱት። ተጫነ።

ክቡ ነገር መሽከርከር ጀመረ። እህቱ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጸሐፊው ጸሎት አፉ ላይ አልመጣለት ሲል «አንተ ታውቃለህ» አለ በልቡ። ከዚያ በላይ አላገኘም።

«ተመዝግበዋል። ተራ ቁጥር 12።»

ፎቶ ኮፒ አንሺዋ በመዳፏ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው። እሱ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። እጁ ገጹን ሊዘጋ ተነሳ።

«ቆይ» አለች እህቱ። «አንብብልኝ።»

«ገብቷል እኮ፣ እታለም። ዐሥራ ሁለተኛ ነሽ።»

«ገብቶኛል። አንብብልኝ።»

አነበበላት። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የካርድ ቁጥሯን። «የቀጠሮው ቀንና ሰዓት በሚከተለው ስልክ ይነገርዎታል፤ ካልተነሳ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።» ከዚያም ስልኩን፣ ቁጥር በቁጥር። እህቱ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ድሮው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ሆና ሰማችው።

«መጨረሻው ስንት አልክ?»

«አርባ ሰባት።»

«የኔ ሰባ አራት ነው።»

በመጀመሪያው ዙር ያዟዟረውን በሁለተኛውም ደግሞታል። የሚደወለው የማያውቁት ሰው ቤት ነበር፤ «የለችም፣ ተሳስታችኋል» ብሎ የሚዘጋ ሰው ቤት። እጁ ዘሎ ወደ ግራ ጥግ ሄደ፤ ወደዚያች መዝጊያ፣ ፕላስተሩ ወደነበረበት። ደረሰ። እዚያ ሳይጫን ቆመ።

ጸሐፊው እጁን ከማውዙ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ገጹን ከላይ ጀምሮ፣ ሁለቱ ሴቶች እየሰሙት፣ ቃል ሳይዘል አነበበ። ስምንተኛው መስመር ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ «መረጃዎን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያስተካክሉ» ይላል። ነካው። አርባ ሰባትን አጠፋ። ሰባትን ጻፈ፣ አራትን ጻፈ፣ አነበበ፣ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ።

«ተስተካክሏል» አለ።

ፎቶ ኮፒ አንሺዋ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ፕላስተሮች ሰብስባ ወደ ቅርጫቱ ልትጥላቸው ስትል ጸሐፊውን አየችውና ተወችው። ኪሷ ከተተቻቸውና ወጣች።

እህቱ ነጠላዋን አስተካክላ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«በል፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንባቡን ድገመው» አለችው። «አሁን ቀስ እያልክ።»

ጸሐፊው ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ከስሟ ጀመረ።