መጋቢው ያላሉት ቃል

ጫኖ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ከከተማ ሰባኪ በመጣ ቁጥር አማርኛውን ወደ ጋሞኛ የሚተረጉመው ደበሌ ነበር። ልጁ ሄራን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ይኸው ሥራው ነው።

አንድ እሁድ መጋቢ ወንደሰን ከአርባ ምንጭ መጥተው፣ «ጎረቤትህን ውደድ» አሉ። ደበሌ ተረጎመና ከራሱ ጨመረበት፤ «የጎረቤቱን የውሃ ተራ የሚሰርቅ፣ ጸሎቱ ከቆርቆሮው አያልፍም።» የሙዝ ማሳው ጎረቤት ወለቴ በዚያ ሳምንት ቦዩን ያለ ተራዋ ከፍታ ነበር። ወለቴ አማርኛ አትሰማም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

መጋቢው ስብከታቸው የነካት መስሏቸው «ሃሌሉያ!» አሉ። ደበሌ እሱንም ደገመ።

ቤት ሲገቡ ሄራን ምሳውን አቅርባለት ቆመች።

«አባባ፣ መጋቢው ስለ ውሃ መቼ አነሱ?»

«አንቺ ነሽ ደግሞ እኔን የምታርሚኝ?»

«ሌላ ማን ደፍሮ ይነግርሃል? አማርኛ የሚሰማው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር።»

ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። እያጉረመረመ ማሳው ደረሰ።

ወለቴ ቦዩን ትጠርጋለች፤ በእሱ በኩል ያለውንም ጭምር። ስታየው ዶማዋን ተደገፈች።

«መጋቢው እንግዳ ሰው ናቸው፤ የእኔን ነገር ማን ይነግራቸዋል?» አለችው። «እግዚአብሔር ነው የገለጠላቸው። እሱ ራሱ ካባረረኝ እንግዲህ በየት በኩል እገባለሁ?»

ደበሌ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን «በርቺ» ብቻ ብሏት ሄደ። ባላት ቃል አፍሮ፣ መንገዱን ሙሉ ፊቱ እየነደደ ቤቱ ገባ።

በሚቀጥለው እሁድ ወለቴ መጣች፤ ግን አልገባችም። ከበሩ ፊት ለፊት ማንጎው ሥር ተቀመጠች።

መጋቢው ዳግም መጥተው ነበርና፣ «እኔም በድያለሁ፤ ጌታ ገሥጾ መልሶኛል» አሉ። ደበሌ ተረጎመ። ሕዝቡ ለመጋቢው «አሜን» አለ። ደበሌ በሰው ንስሐ ተሸሽጎ ከመድረኩ መውረድ ይችል ነበር።

ፊቱን ወደ በሩ አዞረና በጋሞኛ ተናገረ።

«ወለቴ፣ ባለፈው የሰማሽው የውሃ ነገር የመጋቢው ቃል አይደለም። የእግዚአብሔርም አይደለም። የእኔ ቂም ነው።»

መጋቢው ጠጋ ብለው፣ «ጋሽ ደበሌ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም። ምን እያሏቸው ነው?» አሉት።

ላብ እያጠመቀው የተናገረውን ወደ አማርኛ መለሰላቸው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከዚያ ማይክሮፎኑን ለሄራን ሰጥቶ ወርዶ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ ወለቴ ከማንጎው ሥር ትነሳ አትነሳ አላወቀም።