የአዋላጇ እንግሊዝኛ

አዋላጇ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የጻፈችው ጥናት ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። መጀመሪያ አማካሪዋ «እንግሊዝኛሽ የልጅ ነው» አሏት። እልህ ይዟት ሦስት መቶ ከባድ ከባድ ቃላት ሸመደደችና ጽሑፉ ውስጥ ጠቀጠቀቻቸው። በሁለተኛው ዙር ደግሞ «አሁን ቃላቱ በዝተው ጥናትሽን ላገኘው አልቻልኩም» ተባለች። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች፤ የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

ቤት ገብታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ አለቀሰች። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ስቶፕ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም ከመንገድ ምልክት። ልጃቸው ስታለቅስ ዝም ብሎ ማየት ግን አይሆንላቸውም።

«እስቲ አንዱን ቃል አስረጂኝ።»

«አባባ፣ አይገባዎትም እኮ።»

«ለእኔ ማስረዳት ካቃተሽ አንቺም ሸምድደሽዋል እንጂ አልገባሽም።»

ነገሩ ከነከናት። ብትሞክር አፏ ተሳሰረ። እውነትም ሽምደዳ ነበር! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሕግ ወጣ፤ አባቷ «በቃ ገብቶኛል» ያላሉት ቃል ጥናቱ ውስጥ እግሩን አያስገባም። ሁለት ወር ሙሉ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ታስረዳለች፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ይፈርዳሉ። ሽማግሌው በዋዛ የሚለቁ አይደሉም። «ሃይፖቴሲስ»፣ ማለትም መላምት፣ ሦስት ቀን ደጅ ጠና። «ቢሆንም» ለማለት የገባው «ኖትዊዝስታንዲንግ» የሚባል ረጅም ቃልማ «ይሄ ሰው ለማደናገር የተፈጠረ ነው» ተብሎ ተባረረ። ከሦስት መቶው ያለፈው ሰማንያ አንድ ብቻ ነው።

ለጥናቷ በምትሟገትበት በዲፌንሱ ቀን ሦስት ፈታኞች ፊት ቆመች። ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው ፕሮፌሰሯ አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ለመውለድ ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ላይ ደም መፍሰስ ይበዛል ብለሻል። ግን የጻፍሽው ‹ኮሪሌሽን› ነው። ምክንያቱ ርቀቱ ነው ብለሽ ለምን አልደፈርሽም?»

በዚህ ጊዜ አፏ እንደ ድሮው አልተሳሰረም።

«ርቀቱና ደም መፍሰሱ አብረው ሲሄዱ አይቻለሁ። አንዱ ሌላውን ሲያመጣ ግን አላየሁም። ከሩቅ የሚመጡት የእርግዝና ክትትል ያላገኙትም ናቸውና ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ያላየሁትን አየሁ የሚል ቃል መጻፍ አልፈለግኩም።»

ፕሮፌሰሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት እኔ አንድ ሴሚስተር ይፈጅብኛል» አሉና ሳቁ። ውጤቱ ሲነበብ በከፍተኛ ማዕረግ አልፋለች።

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ከረባታቸውን አስረው ከጠዋት ጀምሮ ተገትረዋል። ገና ፊቷን ሲያዩ «አለፍን!» ብለው ሕንጻውን አናጉት። ፕሮፌሰሯ ደንግጠው ብቅ አሉ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አለች አዋላጇ፣ ደረቷን ነፍታ።