ግማሽ ክኒን

ሐኪሙ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር አለው።

"በዚህ በኩል ትሰብረዋለህ። ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ። የልቡን ምት ያስተካከለለት ይኸው መድኃኒት ነው፤ ግን ኩላሊቱ ደክሟል፣ ቶሎ አያስወጣውም። ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ አንጎሉን ነካው። የጣለው እሱ ነው እንጂ የሚጥል በሽታ የለበትም። መጠኑን ከቀነስክለት አይደገምም።"

ወንድሜ በሩ አጠገብ አልጋ ላይ ነበር። የነከሰው ምላሱ አብጦ፣ የት እንዳለ ገና እያሰበ። ማዘዣውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ወንድሜ ታላቄ ነውና ጋሼ እለዋለሁ፤ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ የእኔ ድርሻ ሙጫ መቀባት ነበር። ትልቁን የወረቀት መቁረጫ፣ ስለቱ ክንድ የሚያህለውን፣ አንድ ቀን ብቻ አስነክቶኛል። አርባ የሕግ መጽሐፍ አንጋድጄ ቆረጥኩ። "እጅህ ዓይን የለውም" አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ ሙጫው ሆነ። ደንበኞችም ለመዱት። አንዷ አስተማሪ "ዛሬ ሙጫው ቀጥኗል፣ ምሳ አልበላም እንዴ?" ስትል ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ።

የወደቀውም እዚያው መቁረጫ ሥር ነው። ስለቱ ወርዷል፤ እጁ ለትንሽ ተረፈ።

ከሆስፒታል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጠየቀኝ።

"ምን አለ ሐኪሙ?"

"የሚጥል በሽታ ነው አለ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ዕድሜ አይመርጥም አለ። ስለት አጠገብ እንዳትደርስ።"

ጣቶቹን አየ። "ክኒኑስ?"

"እንደ ድሮው። አንድ ሙሉ ጠዋት፣ አንድ ሙሉ ማታ። አንድ ቀን ከጎደለ ልብህ ይቆማል።"

የመጨረሻውን ማንም አልነገረኝም። እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

በሳምንቱ መቁረጫው ፊት አቆመኝ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዝዘኛል። "አየሩን በመዳፍህ አስወጣ፤ አየር የያዘ ወረቀት ስለቱን ይሸሻል። የታችኛው ቅጠል እንዳይቀደድ ካርቶን አንጥፍለት። እጀታውን በክንድህ አትሳብ፣ በወገብህ ውረድ።" አሥራ አንድ ዓመት የደበቀኝ ይህን ብቻ ነበር።

ክኒኑን በእጄ እሰጠው ጀመር። ከዋጠ በኋላ "ከንፈሬ ደነዘዘ" ይላል። ቃል ይጠፋበታል። "ያንን... ያንን አቀብለኝ" ይለኛል፣ ወስፌውን ማለቱ ነው።

"ጋሼ፣ ምላስህን ሙጫ ነካው እንዴ?" አልኩት አስተማሪዋ ፊት። ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሞከረ።

ሳቋን ሳትጨርስ ከበርጩማው ወደቀ። ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ተንቀጠቀጠ። ሲነቃ ሱሪው ረጥቦ ነበር። አስተማሪዋ ወጥታለች።

"ማን አየኝ?"

ማንም አላየህም ልለው እችል ነበር።

"አስተማሪዋ" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ መጋረጃው ጀርባ ይገባ ጀመር።

ከሆስፒታል በወጣን በሃያ ስድስተኛው ቀን አርባ መዝገብ ቆረጥኩ። ጋሼ የእያንዳንዱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ የመቁረጫውን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠው።

"እጅህ ዓይን አውጥቷል። ያዘገየሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

ሙጫው አላለኝም።

ቁልፉ የሰውነቱ ሙቀት ነበረበት። ሌላ የምፈልገው ነገር እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። የጠዋቱን ክኒን ገና አልሰጠሁትም ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ መስመሩን ተከትዬ በቢላ ከፈልኩት። ግማሹን ሰጠሁት።

መዳፉን አየ። "ሌላውስ?"

"ይህ ይበቃሃል።"

"ሙሉ ነው አላልከኝም? አንድ ቀን ከጎደለ ልብህ ይቆማል አላልከኝም?"

"ተቀንሷል።"

"ማን ቀነሰው? ሐኪም ዘንድ አልሄድንም።" ግማሹን ክኒን አገላበጠው። "ሰለቸሁህ እንዴ? ቁልፉን ስለሰጠሁህ ነው?"

አልተቆጣም። እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ።

ማዘዣው ኪሴ ውስጥ ነበር። በጣቴ ነካሁት። ግማሽ የሚለው እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ከሆስፒታል የወጣንበት ቀንም ተጽፏል።

"ተሰብሮብኝ ነው፣ ጋሼ" አልኩና ሌላውን ግማሽ ከጠረጴዛው አንስቼ ሰጠሁት።

ፊቱ ፈታ አለ። ሁለቱን ግማሾች ምላሱ ላይ አስቀመጠ፤ ውሃውን ያዝኩለት።

"አንተ ባትኖር እስካሁን ሞቼ ነበር" አለ።

ወደ መቁረጫው ተመለስኩ። ካርቶን አነጠፍኩ፣ ወረቀቱን ደረደርኩ። በስተኋላዬ ጋሼ ከንፈሩን በጣቱ እየነካካ ነበር። አየሩን በመዳፌ አስወጣሁ፣ በወገቤም ወረድኩ።