የአባባ ኑሬ ቦታ በጠመኔ

እነዳሊያ ቤት ስቶር የሚባል ክፍል አለ። ክፍል ያስባለው በሩ ነው እንጂ ውስጡ ሰው አይገባም። በሩ ሲከፈት የሆነ ነገር እግር ላይ ይወድቃል፤ ምን እንደሚወድቅ ደሞ ቀድሞ አይታወቅም። አንዴ ክንፍ የሌለው ቬንትሌተር፣ አንዴ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንዴ ደሞ ዳሊያ ሰባተኛ ክፍል እያለች የጠፋባት ጫማ። አንዱ እግር ብቻ። ሌላኛው እስከዛሬ አልተገኘም።

የዚህ ሁሉ ንብረት ባለቤት እናቷ ከሪማ ናት። ከሪማ ከቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ሱቋን ያየ ሰው ቤቷ ውስጥ ይሄ ጉድ አለ ቢባል አያምንም፤ ሳሙናው እንኳን ተሰልፎ ነው የሚቀመጠው። ቤቷ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጣልም። ባዶ ጀሪካን፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ ኋላው ያበጠ የድሮ ቲቪ፣ ሦስት እግር የቀረው ወንበር፣ ሁሉም «ይሄማ ያስፈልጋል» ተብሎ ወደ ስቶር ይገባል። አባቷ መሐመድዘይን አይሱዙ ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣም ከመኪናው የተፈታ ብረት ይዞ ይመጣና ከሪማ ከእጁ ተቀብላ ታስገባዋለች። ተስማምተው ነው የሚኖሩት።

በዚያ ሰሞን ታዲያ ከዓለም ጤና ከተማ ስልክ ተደወለ። የከሪማ አባት አባባ ኑሬ ግቢያቸው ውስጥ ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎድተዋል። ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ከሪማ ወዲያው እኔ ጋ ይምጡ አለች። እሳቸው ግን በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። አርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቼ አያለሁ፣ ቦታ ካለ እቀመጣለሁ፣ ካጣበብኳችሁ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ አሉ። ቀልድ እንዳልሆነ ደሞ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ኢድ መጥተው፣ ዳሊያና እህቷ ፍራሻቸውን ለእሳቸው ለቀው ሳሎን መሬት ላይ መተኛታቸውን ሲያዩ፣ ጠዋት ቁርስ እንኳን ሳይቀምሱ ሽንኩርቴ ውሃ ይፈልጋል ብለው ሄዱ። ሽንኩርት ከተዉ እኮ ቆይተዋል፤ መሬቱን አከራይተውታል።

ስለዚህ ስቶሩ እስከ አርብ መለቀቅ አለበት። ካልሆነ አባባ ኑሬ በዚያ ጉልበታቸው ብቻቸውን ሊቀሩ ነው።

ነገሩን የያዘችው ፈውዚያ ናት፣ የዳሊያ ታላቅ። ፈውዚያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው፤ ገብታ ብዙም ሳትቆይ የመስመር ኃላፊ አደረጓት። ዳሊያ ለዚህች እህቷ ያላት አድናቆት ሌላ ነው፣ ፊት ለፊት ባትነግራትም። ሰው ሲናደድ ድምፁ ይጨምራል አይደል፣ የፈውዚያ ይቀንሳል። ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ስትጎረጉር ታይታ አትታወቅም፤ እጇን ትሰዳለች፣ ቁልፉ ይወጣል፣ በቃ። ዳሊያ የራሷን ቁልፍ ለማግኘት ቦርሳዋን በር ላይ ዘርግፋ ነው።

እሁድ ፈውዚያ አንድ ድውር ቀይ ክር ይዛ ተነሳች። ፋብሪካ ካይዘን ሲያስተምሩን እንዲህ ነው አለች፤ የማይሠራበት ዕቃ ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል፣ እስከተባለው ቀን ማንም ካልነካው ይወጣል፣ የተጠቀመበት ሰው ካለ ደሞ ምልክቱን ይፈታል። ዳሊያ እናቷ ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች ብላ ጠብቃ ነበር። ከሪማ ግን ረጋ ብላ እሺ አለች። ያቺ እሺ ዳሊያን አላማረቻትም።

እውነትም በማግስቱ ከሪማ እጀታ በሌለው ድስት ሽሮ ሠራች፣ በፎጣ ጠቅልላ እያወረደች። ባለሦስት እግሩ ወንበር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሽንኩርት ከተፈች። ውሃ በየጀሪካኑ ትንሽ ትንሽ ቀዳች። ቲቪውን ደሞ ሰካችው፤ ምስል የለውም ግን ሹሹ ይላል፣ ዜና እያዳመጥኩ ነው አለች። ፈውዚያ ከሥራ ስትመለስ እፍኝ ሙሉ ቀይ ክር አስረከበቻት፣ ልክ ሱቅ ላይ መልስ እንደምትሰጥ።

«ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፣ ልጄ።»

ዳሊያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፈውዚያ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። እንግዲያው ቢያንስ አሮጌውን ልብስ እናውጣ አለች፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። በልብሱ ከሪማ ተስማማች። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ተለይቶ በር ላይ ተቀመጠ።

በነጋታው ፈውዚያ ሥራ ላይ እያለች ልዋጩ በሰፈሩ አለፈ። ያው ልዋጭ ልዋጭ እያለ አሮጌ ልብስ ወስዶ በምትኩ ፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጠው ሰውዬ ነው። ከሪማ ሱቋን ለዳሊያ ትታ ወጣች። የተከራከረችው ክርክር መቼም፣ ዳሊያ ፈርታም ኮርታም ነበር የምታየው። ሰውዬው ሁለቴ ተቆጥቶ ሄደ፣ ሁለቴ ተመለሰ። በመጨረሻ ከሪማ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ፣ ክዳን ያለው ባልዲና አንድ አረንጓዴ ጆግ ይዛ እንደ ሙሽራ ገባች። የት ገቡ? ስቶር። ድሮ በሩ ቢያንስ ይዘጋ ነበር፣ አሁን እሱም ቀረ።

ማታ ፈውዚያ ሳፋውን አየች። ማዳበሪያው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች።

«ጆጉ ያምራል» አለች ፈውዚያ።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ዋለች። እናቷን ስቶሩን ላጥበው ነው፣ ዕቃው ግቢ ወጥቶ ይመለሳል አለቻት። ይመለሳል ስለተባለ ከሪማ ራሷ አግዛ አወጣች። ግቢው በአዳማ ፀሐይ ሥር በጣሳ፣ በጎማና በድስት ተሞላ፤ የጎረቤት ልጆች ሱቅ ተከፈተ ብለው መጡ። ወለሉ ታጠበ፣ ደረቀ። ያን ጊዜ ፈውዚያ ከኪሷ ጨርቅ ላይ የሚሰመርበትን ጠመኔ አወጣችና ዳሊያን ወለሉ ላይ ተኚ አለቻት።

«አባባ ካንቺ ይረዝማሉ?» አለች፣ እናቷ እንድትሰማ።

«በደንብ እንጂ፣ ጨምሪ» አለች ከሪማ ከበሩ ላይ። «ደሞ ራሳቸውን ወደዚያ አይደለም የሚያደርጉት፣ በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ ዞረው ነው የሚተኙት። አዙሪያት።»

ዳሊያ ተዟዟረች። ፈውዚያ የአልጋውን ቦታ አሰመረች። ከሪማ መቼ እንደገባች ሳይታወቅ መሀል ገብታ ታዛለች። አሁን በጉልበታቸው ምክንያት ወንበር ላይ ነው የሚሰግዱት፣ ወንበሩ እዚህ ይሁን አለች። የነጠላ ጫማቸውን ቦታ፣ በእግራቸው ፈልገው እንዳያጡት፣ አልጋው ሥር አደረገችው። ከዘራቸው እጃቸው የሚደርስበት ግድግዳ ላይ መሆን አለበት አለችና ጠመኔውን ከፈውዚያ ወስዳ ራሷ ሳለችው፣ ጎንበስ ካለች እጀታው ጋር። ስትጨርስ ወለሉ ላይ ሰውዬው የሌሉበት የሰውዬው ክፍል ነበር።

«በቃ አለቀ» አለች ፈውዚያ። «አሁን ዕቃውን መልሺ፣ እማ።»

ከሪማ የተደራረቡትን ጣሳዎች አቅፋ ገባች። አንድ ጥግ አየችና ጎንበስ አለች።

«እዚህ ላድርገው?»

«እዚያ ጋ የአባባ ራስ ነው።»

ዞር አለች። እዚያም የሚሰግዱበት ነበር። ወደ ግድግዳው አንድ እርምጃ ሄደች፣ ነጠላ ጫማው ላይ ልትቆም ሆነና እግሯን ሰበሰበች። ሰው የረገጠች ያህል። ጣሳዎቹን እንዳቀፈች ቆመች፣ ፈውዚያም አንድ ቃል አልጨመረችም። ዳሊያ በኋላ ስታስበው በጣም የገረማት ይሄ ነው። እሷ ብትሆን እኮ አየሽ አይደል ምናምን ብላ ሁሉን ነገር ታበላሸው ነበር። ፈውዚያ ግን በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተችላት።

ከሪማ ጣሳዎቹን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች።

«ቁራሌው ሲያልፍ ጥሩልኝ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ልዋጩን አይደለም።»

እስከ አስር ሰዓት ቲቪው፣ ብረቱ፣ ጎማው፣ ድስቱ ሄደ። ሰማያዊውን ሳፋና ባልዲውን ጎረቤታቸው ዱሬቲ ገላቶሚ ብላ አመስግና ወሰደች። ከሪማ ያስቀረችው አረንጓዴውን ጆግ ብቻ ነው፣ አባባ ውዱእ ያደርጉበታል ብላ። ፈውዚያም ክርክር የለም፣ በር አጠገብ ክብ አሰመረችለት።

አርብ አባባ ኑሬ ደረሱ። ዳሊያ በመጀመሪያ ያየችው በእጃቸው ያንጠለጠሉትን አንድ ቀጭን ፌስታል ነው። ሊኖር የመጣ ሰው በፌስታል አይመጣም። ከሰላምታው በኋላም ከደጃፉ አላለፉም፤ ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው፣ ደህና መሆናችሁን ካየሁ ይበቃኛል አሉ።

ከሪማ አልለመነችም። ክንዳቸውን ይዛ ስቶሩን ከፈተችላቸው። እግራቸው ላይ የወደቀ ነገር የለም። አልጋው በመስመሩ ውስጥ ተነጥፏል፣ የጠመኔው ጠርዝ ዙሪያውን ይታያል። አባባ ኑሬ ወንበሩን አዩ፣ ጆጉን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ደረሱ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የከዘራዎ ቦታ ነው፣ አባ» አለች ከሪማ። «ሌላ ዕቃ አይገባበትም።»

አባባ ኑሬ ከዘራቸውን ሥዕሉ አናት ላይ በተመታው ምስማር ሰቀሉት። ከሥዕሉ ያጥራል።

«አስረዝመሽዋል» አሉ።

«ልጅ ሆኜ የማውቀው እንደዚያ ነው» አለች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን አሻሹ። ሹፌሩን ሸኙት አሉ። ዳሊያ በሩጫ ወጥታ ነግራው ስትመለስ አባባ ኑሬ ለከሪማ ስለቀረው ዕቃቸው እያወሩ ነበር፤ ወንድምሽ ሬዲዮኔን ይላክልኝ፣ ሳጥኔን፣ የተጣጠፉትን ኬሻዎች፣ ከኩሽናው ጀርባ ያሉትን ጣሳዎች።

«ባዶ ጣሳ ነው፣ አባባ?» አለች ፈውዚያ።

«ባዶ ቢሆንስ፣ ጥሩ ጥሩ ጣሳ እኮ ነው። ያስፈልጋል።»

ከሪማ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዳሊያ እህቷን አየች። የፈውዚያ ድምፅ ቀነሰ።

«እሺ አባባ» አለችና ከኪሷ ጠመኔውን አወጣች። «የት ጋ ይሁንልዎት?»