ፀሐይ መጀመሪያ

ሌንጮ እግሩን ያጣው፣ ዘርፈሽም የሞተችው፣ ገለታ ከዝናቡ በፊት ፀሐይ ስላለ፣ ሆሳዕናም ቀጣዩን ቃል ሳትጠብቅ ስልኩን ስለዘጋች ነው። ሌላ ምክንያት የለም። የሆሳዕና የአጎት ልጅ ጨመዳ ግን ሌላ ምክንያት አግኝቻለሁ ብሎ፣ ገጀራውን በሩ ጥግ አስደግፎ ተቀምጧል።

ነገሩ የተጀመረው በስፓኒሽ ነው። ሆሳዕና በአካውንቲንግ ተመርቃ ነቀምቴ ላይ ሥራ ስታጣ፣ በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት እሠራለሁ ብላ ቋንቋውን ከስልኳ ተማረች። ሥራው አልመጣም፤ ቋንቋው ግን ሌላ ጥቅም አገኘ። ወንድሟ ሌንጮ በአይሱዙ ሸቀጥ ይዞ ወደ አያና ይሄዳል፣ በቆሎ ጭኖ ይመለሳል። ጓደኛው ገለታ አያና መግቢያ ላይ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሊያስጠግን የቆመ ሾፌር ሁሉ መንገዱ እንዴት እንደዋለ ሳይነግረው አይሄድም። ስለ መንገድ በስልክ ማውራት ደግሞ ያስገድላል። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም፣ በዚህም በዚያም ወገን፣ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ይሰማል። ስፓኒሽ የሚሰማ የለም።

ስለዚህ ሁለቱን ወንዶች የአየር ጠባይ አስተማረቻቸው። ሶል ፀሐይ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ኑብላዶ ደመና ነው፤ ቆይ። ቢዬንቶ ነፋስ ነው፤ ፍተሻ አለ። ዩዌቤ ካለ ዘንቧል፣ እየተተኮሰ ነው። ቶርሜንታ ለሚባለው ማዕበል የገለታ ምላስ አልታጠፍ አለ፤ "እሱ ከመጣማ እኔስ መቼ ስልክ አነሳለሁ!" ብሎ አሳቃቸው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ "ኬ ቲዬምፖ አሴ?" አየሩ እንዴት ነው? የሌንጮ ስልክ ኬላ ላይ ስለሚበረበር የምትደውለው ሆሳዕና ናት። ደንቡንም ያወጣችው እሷው ናት፤ አንድ ቃል ተሰምቶ ይዘጋል። ድሮም ረጅም ወሬ አትወድም።

ያን ዕለት ጠዋት ደውላ ጠየቀች። ገለታ "አሴ ሶል፣ ኦቦሌቲ" አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው። ዘጋች። ለሌንጮ "ፀሐይ ነው፣ ንዳ!" አለችው። ገለታ መልሶ ሲደውል ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር።

አያና ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥይቱ ከጫካው ወጣ። የጋቢናው መስታወት ከዘርፈሽ ፊት ጋር አንድ ላይ ተፈረካከሰ። ዘርፈሽ አያና ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ፣ አፈኛ ሴት ነበረች፤ መንገዱን ሙሉ በሌንጮ አነዳድ ስታሾፍ ነበር የመጣችው። ታጣቂዎቹ ሌንጮን ጎትተው አወረዱት። ተንበርከክ ሲሉት ዘገየ፤ ጉልበቱን መቱት። አይሱዙውን ዘርፈሽ ውስጡ እንዳለች አቃጠሉት። ሌንጮ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ እስከ መጨረሻው አሸተተ። ነቀምቴ ሐኪም ቤት እግሩን ከጭኑ ቆረጡት።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቡርቃ ጃቶ ወዳለው ቤታቸው በገባ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገለታ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

"አከም ጅርቱ?" አለ ከደጃፉ።

በዚያ ቤት ለሰላምታ መልስ ሲጠፋ የመጀመሪያው ነበር።

ጨመዳ ተነስቶ ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለውና መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ በገጀራው እጀታ አፉን አለው። ሁለት ጥርስ ከብርቱካኑ ጋር ተንከባለለ።

"ለማን ነው የሸጥከን?"

"ማንንም አልሸጥኩም፣ ወንድሜ፣ በጌታ…"

"ጌታን ተወው! ዝናብ እየዘነበ ፀሐይ ያልከው ለማን ብለህ ነው?" ገለታን መሬት ላይ ጥሎ በጉልበቱ ደረቱ ላይ ወጣ። ቀኝ እጁን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ ያዘ። "በዚህ ነው ስልኩን ያነሳኸው?"

"ተወው!" ብላ ሆሳዕና ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። በክርኑ ግድግዳው ላይ ወረወራት። ገጀራው ወረደ። ትንሿ ጣት ተለይታ ቀረች፤ የገለታ ጩኸት ጎረቤት ያለውን ውሻ አስጮኸ። ሌንጮ አልጋው ላይ ሆኖ ያያል፤ በቃ አላለም።

ጨመዳ ገጀራውን እንደገና አነሳ፤ አሁን አንገቱን ነበር የሚያየው።

ሆሳዕና ከግድግዳው ሥር ሆና "ገለታ!" ብላ ጮኸች። "ኬ ቲዬምፖ አሴ?"

ገለታ አፉ በደም ተሞልቶ ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ።

"አሴ ሶል" አለ። ደሙን ዋጠ። "ግን… ዩዌቤ። ይዘንባል፣ ኦቦሌቲ።"

ገጀራው አየር ላይ ቆመ።

"ሰማህ?" አለች ሆሳዕና። "ጣቱ ወለል ላይ ወድቆ ፀሐይ ነው ይላል። ሰው ሲጠይቀው ክፉውን ማስቀደም አያውቅበትም። አንተስ? አባትህ የሞቱ ዕለት ደውዬ እንዴት ናችሁ ስልህ ምን አልከኝ?"

ጨመዳ ገጀራውን ዝቅ አደረገ።

"'ፈያ፣ ደህና ነን' አልከኝ። 'አባዬ ግን ዐረፈ' ያልከው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ስልኩን ብዘጋብህ ሸጥከኝ ልበልህ?"

ጨመዳ ከገለታ ደረት ላይ ወረደ። ገጀራውን የት እንደሚያኖረው የጠፋው መሰለ።

"ታዲያ ማን ነው የዘጋው?" አለ ሌንጮ ከአልጋው።

"እኔ።"

"ሳትሰሚ?"

"ሳልሰማ። አንድ ቃል ብቻ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ሌንጮ ክራንቹን ወረወረባት። ቅንድቧ ላይ አረፈ፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አልጠረገችውም። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ የገለታን እጅ ጥርቅም አድርጋ አሰረች፣ በብብቱ ይዛ አስነሳችውና ወደ ደጅ መራችው።

"የት ልትወስጂው ነው?" አለ ጨመዳ።

"ሐኪም ቤት። ማን ቆረጠው ሲሉኝም ስምህን እናገራለሁ።"

ገለታን አሳልፋ እሷም እግሯን ከደፉ ስታነሳ ሌንጮ ጠራት።

"ሆሳዕና፣ እኔ ደህና ነኝ…"

አሁን ግን ቀጣዩን ቃል ቆማ ጠበቀች።

"…ግን ከዛሬ ወዲያ ዓይንሽን ማየት አልችልም።"

የሚጨምረው እንደሌለ እስክታውቅ ድረስ ቆየች። ከዚያ ወጥታ በሩን ዘጋችው።