ከማን ገዝተው ጠጡ?

ዘርፉ በዚያ ሳምንት እህል በአፏ አልዞረም፤ እንቅልፍም አልወሰዳት። አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፊደልና ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ቤት ሊከፈት ነው። የሚገቡትን ልጆች መዝገብ የያዙት ግራዝማች ሐዲስ ናቸው፤ መዝገቡም ዓርብ ይዘጋል። የልጇ የሸዋወርቅ ስም ገና አልገባም። ሰኞ ሄደች፣ "እንግዳ አለባቸው" አሏት። ማክሰኞ ሄደች፣ "ተኝተዋል።" ገበያ ትመለስና ኮሶዋን ትዘረጋለች፤ ወዲያው ትጠቀልልና ተነሥታ ትዞራለች።

"እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" አለቻት አጠገቧ ቅቤ የምትሸጠው ሀጂራ።

"መዝገቡ ዓርብ ይዘጋል።"

"ቢዘጋስ? የኮሶ ሻጭ ልጅ ፊደል ቆጥራ ማንን ልትገዛ ነው?"

ዘርፉ ይህን ስድብ ታውቀዋለች። አባቷ መንዝ ሳሉ ያወሩላት ነበር። ካሳ የሚባል የቋራ ሰው፣ በክፉ ቀን እናቱ ኮሶ ሸጠች እየተባለ ሲሰደብ ኖረ፤ እሱ ግን ስድቡን ውጦ አልተኛም፤ እየወደቀ እየተነሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አባቷ ልቡን ያደንቁ ነበር። ዘርፉ ግን የምታስበው እናትየዋን ነው። ያቺ ሴትዮ ልጇን ምን እያለች አሳደገችው?

ረቡዕ ጠዋት ግራዝማች ደጅ ባለጉዳይ ተኮልኩሏል። ዘበኛው መርዳሳ ገና ከሩቅ ሲያያት በትሩን በሩ ላይ አጋደመ።

"አካም ቡልቴ፣ እትዬ ዘርፉ። ዛሬም አይሆንም። ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል።"

ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉ እስኪወርድለት እህል አይቀምስም፣ ባለጉዳይም አያይም፤ ሹምም ቢሆን አይጠየቅም። ሰዉ ነጠላውን እያራገፈ ሊበተን ተነሣ። ዘርፉ አልተነቃነቀችም።

"ከማን ገዝተው?"

"ምን?"

"ኮሶውን። እዚህ አገር ከእኔ በቀር ኮሶ የሚሸጥ የለም፤ ከሁሩታ በላይ ካለው ደጋ በአህያ የማስወርደው እኔ ነኝ። ግራዝማች ከጥምቀት ወዲህ አንድ እፍኝ አልወሰዱም። እንዲያውም ለሆዳቸው ሰግቼ ነበር።"

የተነሣው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። መርዳሳ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። በመጨረሻ ግራዝማች ራሳቸው ወጡ፤ ጢማቸው ላይ የቁርስ ቅቤ ያብለጨልጫል።

"ምን ትያለሽ አንቺ?"

"ልጄን ይጻፉልኝ።"

"የኮሶ ሻጭ ልጅ?"

"የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባለው ነግሦ አልነበር፣ ጌታዬ?"

"እሱ ወንድ ነው።"

"አሁን ዙፋኑ ላይ ያሉትስ ቀሚስ አይደለም የለበሱት?"

ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ በሰው ፊት መልስ የሚሰጥ ሹም የለም። ግራዝማች ግራ ቀኙን አይተው ጸሐፊያቸውን ጠሩ።

"ጻፋት። በሩ ጥግ ትቀመጥ።"

ሰኞ ሸዋወርቅ ትምህርት ቤት ገባች። ዘርፉ ኮሶዋን እንደታቀፈች አጥሩ ሥር ቆመች። ፀሐይዋ ከግራሩ አናት በላይ ወጥታም ዘርፉ እዚያው ናት። በመንገዱ ሲያልፍ መርዳሳ አያት።

"ልጅቷ ገብታለች፤ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ጀርባዬን ሳዞር እንዳያስወጧት።"

"ስሟ እኮ ተጽፏል።"

"የተጻፈ ይፋቃል።"

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ከውስጥ የወንዶቹ ድምፅ ፊደሉን ሲጠራ ይሰማል፤ በመሐሉ አንድ ቀጭን ድምፅ አለ። ቀጭኑ ሲቋረጥ ዘርፉ አንድ እርምጃ ወደ አጥሩ ትጠጋለች፤ ሲቀጥል አንድ እርምጃ ትመለሳለች።